ስለ ወርቁ ዘካ ተናገርን፣ ስለ ውሃው ዝም አልን

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።



ነገሩ የጀመረው በጥያቄ ነው። አምና ዒድ ካለፈ ሁለት ሳምንት ገደማ፣ ሸዋል ገና ሳይወጣ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ሦስት ወጣቶች ወደ ሚሕራቡ ጠጋ ብለው ተቀመጡ። ኢማማችን ዘመድ ሊጠይቁ ወጥተው ስለነበር በመስጊዱ የቀረነው እሳቸውን የምናግዘው ሁለታችን ነበርን። ልጆቹን እናውቃቸዋለን። ሁለቱ እኛው መድረሳ ቁርኣን የቀሩ ናቸው። ሦስተኛው ጉጂ ሄዶ፣ ሻኪሶ ላይ ወርቅ ሲያጥብ ከርሞ የተመለሰ ነው። "ኡስታዝ፣ ሰው ከወንዝ ወርቅ ቢያገኝ ዘካው ስንት ነው?" አሉን።

እውነቱን እንናገር፤ ጥያቄው ደስ አሰኘን። ወጣቱ መስጊድ ደጃፍ ላይ ስለ ኳስ ሲከራከር መስማት ስለለመድን፣ ገና ስላላገኘው ወርቅ ዘካ የሚጨነቅ ልጅ ሲመጣ ኪታቡን የዘረጋነው ቶሎ ነው። ሪካዝ ማለት የቀደሙ ሕዝቦች ቀብረውት የተገኘ ሀብት እንደሆነ፣ ከሱም አንድ አምስተኛው እንደሚወጣ ነገርናቸው። ከመሬቱ ራሱ በሚወጣው ማዕድን ላይ ዑለሞች ተለያይተዋል። በሻፊዒይ መዝሀብ ወርቁ ኒሷብ ከሞላ ዓመት ሳይጠበቅ ወዲያው 2.5 በመቶ ይወጣበታል፤ በሐነፊይ መዝሀብ ግን እሱም እንደ ሪካዝ አንድ አምስተኛ ይከፈልበታል። ኒሷቡ 20 ሚስቃል፣ በዛሬ ሚዛን 85 ግራም ገደማ ነው። አንደኛው ልጅ በስልኩ 85ን በዕለቱ ዋጋ አባዝቶ አሳየንና ሁላችንም ሳቅን።

ልጆቹ ጀዛኩሙላሁ ኸይረን ብለው ሄዱ። ወንዙ የትኛው እንደሆነ፣ ስንት ሆነው እንደሚሄዱ፣ በስንት ሰዓት እንደሚመለሱ ከሁለታችን አንዳችንም አልጠየቅንም።

ሲጀመር ሽርሽር ነበር። ሀብታም እሆናለሁ ብሎ የወጣ የለም። ፈረንጆች ለመዝናናት ብለው ወንዝ ዳር ሳህን ይዘው ወርቅ ሲፈልጉ የሚያሳዩ ቪዲዮዎችን ስልክ ላይ አይተዋል፤ የወርቅ ዋጋ ሲጨምር ይሰማሉ። ከሻኪሶ የመጣው ልጅ አጠባውን ያውቃል፣ የተቀሩት ደግሞ ጊዜ አላቸው። አንደኛው የእናቱን የሊጥ ገበቴ ይዞ መጣ። ሁለት አካፋ፣ አንድ ማንቆርቆሪያ፣ ስኳርና ዳቦ ተጨመረ። ለሁለተኛው ጉዞ ስድስት ሆነው ሲወጡ "ኡስታዞችም ኑ፣ ዙህርን እዚያው በጀመዓ እንሰግዳለን" አሉን። እኛም ሄድን።

ቦታው ከሮቢ ወንዝ ገባሮች አንዱ ነው። ባጃጅ እስከሚደርስበት በባጃጅ፣ ከዚያ በኋላ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ። በዚያ ወቅት ወንዝ ቢባልም ቁርጭምጭሚት የማይደርስ ውሃ በሰፊ አሸዋ መሃል ሲንቆረቆር ነው የሚታየው። ግራና ቀኙ ግራር ነው፤ ሰው የለም። ከተማ ውስጥ ለሚውል ሰው ደስ የሚል ቦታ ነው፣ አንዋሽም።

ልጁ አሠራሩን አሳየን። ወርቅ ከባድ ነው፤ ከውሃ 19 እጥፍ ይከብዳል። ተራ አሸዋ ግን ሦስት እጥፍ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ውሃው ኃይሉ የሚደክምበትን ቦታ ይፈልጋሉ፤ ወንዙ ሲጠማዘዝ የውስጠኛውን ጎን፣ ከትልልቅ ድንጋዮች ጀርባ፣ ከጠጠሩ ሥር ከአለቱ ጋር የተጣበቀውን አፈር። ያንን ገበቴው ላይ አድርገው ውሃ ውስጥ እየነከሩ ሲያሽከረክሩት ቀላሉ በጠርዙ እየፈሰሰ ይወጣል፤ ከባዱ ግን ከታች ይቀራል። መጨረሻ ላይ የሚቀረው ጥቁር አሸዋ ነው። ወርቅ ካለ በዚያ ጥቁር አሸዋ መሃል ነው የሚታየው።

እኛም ሞከርን። እጅጌያችንን ሰብስበን ስናሽከረክር ከልጆቹ አንዱ "ኡስታዝ፣ ውዱእ አስመሰላችሁት" ብሎ አሳቀን። ከሦስተኛው ገበቴ በኋላ የሚያብረቀርቁ ቅንጣቶች ታዩና ጩኸት ሆነ። ከሻኪሶ የመጣው ልጅ ግን አልጮኸም። አንዷን ቅንጣት ድንጋይ ላይ አስቀምጦ በሌላ ድንጋይ ቀጠቀጣት፤ ደቀቀች። "ወርቅ ሲመታ ጠፍጠፍ ይላል እንጂ አይደቅም። ደግሞ ወርቅ ጥላ ውስጥም ቀለሙ ያው ነው፤ ፀሐይ ላይ ብቻ አያብረቀርቅም" አለን።

ከዚያ በኋላ ጠይቀን የተረዳነውን እዚህ ላይ እናስገባ፤ ከዚህ በኋላ ለሚወጡት ይጠቅማል። የሀገራችን የወንዝ ወርቅ የሚታጠብባቸው ቦታዎች፣ ጉጂ ውስጥ አዶላና ሻኪሶ፣ ቤኒሻንጉል፣ ወለጋ፣ ጋምቤላ ውስጥ ዲማ፣ ትግራይም ጭምር፣ እጅግ ጥንታዊው የመሬት አለት ወደ ላይ የወጣባቸው ናቸው። የኛ አካባቢ እንደዚያ አይደለም። ከጣርማ በር ጫፍ እስከ ሮቢት ቆላ ተራራውን የሠራው በአብዛኛው እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ባዝልት ነው፤ ጥንታዊው አለት ከሱ ሥር ተቀብሯል። የሥነ ምድር ባለሙያዎች ከኢትዮጵያ የባዝልት ንብብሮች አንዱን የሰየሙት ራሱን "ጣርማ በር" ብለው ነው። ስማችን በሳይንሱ መጽሐፍ ውስጥ አለ፤ ወርቁ ግን የለም። ከዚያ እሳተ ገሞራ የሚገኘው ሌላ ነገር ነው፤ ከኛ በላይ መንዝ ጊሼ ላይ በ1980ዎቹ፣ ኋላም ደላንታ ላይ የታየው ኦፓል የመጣው ከዚያ ነው። እሱም ቢሆን ዋጋ ያስከፍላል። በ2016 ዓ.ም. ደላንታ ላይ ኦፓል ሲቆፍሩ የነበሩ ወጣቶች ላይ ዋሻው እንደተደረመሰ ሀገር ሰምቷል።

"ታዲያ የይፋት ሱልጣኖች ወርቅ ከየት መጣ?" ያለን ልጅ ነበር። ጥሩ ጥያቄ ነው። ወለስማዎች በ1285 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መንገሥ ሲጀምሩ ይፋትን ያበለጸጋት ከዘይላ ወደብ ወደ መሃል አገር የሚወጣው የንግድ መንገድ ነው እንጂ የወንዛችን አሸዋ አይደለም። ይህን የምንለው ለታሪክ ጨዋታ ብቻ አይደለም። በየጫካው ያሉትን የጥንት መስጊድና መቃብር ፍርስራሾች "የተቀበረ ወርቅ አለ" እያሉ የሚቆፍሩ ሰዎች አሉ። ወንድሞች፣ እነዚያ የአባቶቻችን ቀብሮች ናቸው። የሙስሊም ቀብር ሪካዝ አይሆንም።

ወደዚያ ቀን እንመለስ።

ዙህርን ከወንዙ መሃል፣ ጠጠር ተከምሮ ደሴት በሚመስለው ቦታ ላይ ሰገድን። ንጹሕ፣ ደረቅና ሜዳ ስለሆነ መረጥነው። ሻይ ተፈላ። ፀሐይዋ ታቃጥላለች፤ ከኛ በላይ ያለው ሰማይ ላይ ደመና የሚባል አልነበረም። በምዕራብ በኩል፣ ወደ ደብረ ሲና፣ ተራራው ጫፍ ላይ ግን ጥቁር ነገር ተንጠልጥሏል። አይተነዋል። "በልግ ነው፣ ደገኞቹ ይዘንብላቸው" ተባብለን ዱዓ አደረግንላቸው።

ፍየል የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ከዳር ቆመው ተጣሩ። "ልጆቼ፣ ላይኛው አገር ጠቁሯል፣ ውጡ።" "እሺ አባባ" አልን፤ አልተነሣንም። ጥቂት ቆይተው ደገሙት። ከልጆቹ አንዱ "አባባ፣ እዚህ እኮ ፀሐይ ነው" ሲላቸው "እንዲመጣባችሁ የግድ እዚህ መዝነብ አለበት?" አሉት።

ዐስር ደረሰ። ሰግደን እንሄዳለን ብለን እዚያው ጠጠሩ ላይ ሶፍ ያዝን። ኢቃም ተብሎ ሳያልቅ ሽማግሌው ወደ ወንዙ ወርደው በበትራቸው ጠጠሩን መቱት። "ሶላቱን ማን ከለከላችሁ? ዳር ወጥታችሁ ስገዱት!" ጮኸውብን ነበር። ከሁላችን በላይ ያፈርነው እኛ ሁለታችን ነን፤ ቅር እያለን ጫማችንን ይዘን ዳገቱን ወጣን። የወጣነው አምነናቸው አይደለም፤ ሽማግሌ ስለሆኑ ነው።

ሰግደን ስንጨርስ ነፋስ መጣ፤ የረጠበ አፈር ሽታ ያለው ነፋስ። ያ ሲንቆረቆር የነበረ ንጹሕ ውሃ ደፍርሶ ቡና መስሏል፣ ቅጠልና ስንጥር ይዟል። ያኔ ከልጆቹ አንዱ "የእማዬ ገበቴ!" ብሎ ሮጠ። ገበቴው ጠጠሩ ላይ ቀርቷል። ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ደርሶ አንሥቶት ሲዞር ድምፁ መጣ። የጭነት መኪና የሚመጣ ነው የሚመስለው፣ መኪና የማይደርስበት ቦታ ላይ። ከጥምዝማዙ ጀርባ ብቅ ያለው ውሃ ሳይሆን ግንድና ድንጋይ የሚገፋ ጭቃ ነበር። ቁመቱን ለመናገር እንቸገራለን፤ ልጁ ወገቡ ድረስ ሲዋጥ አይተናል፣ ከዚያ አላየነውም።

ሁለቱ ጓደኞቹ ዘልለው ሊገቡ ሲሉ ሽማግሌው በበትራቸው ደረታቸውን ገፍተው አስቀሯቸው። "አንድ ሄዷል፣ ሦስት አታድርጉት! በዳር ሩጡ፣ በዳር!" በዳር ሮጥን። ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ወርዶ፣ ውሃው ሥሩን የቦረቦረው ግራር ላይ ተጣብቆ አገኘነው። ሽማግሌው ሽርጣቸውን ፈቱ፤ ከኛም ሦስት ሽርጥ ተፈታና እርስ በርስ ተቋጠረ። ጫፉ ላይ በትር ታስሮ ተወረወረ። በሦስተኛው ውርወራ ያዘው። ስድስት ሰው ጎትቶ አወጣው። ክንዱ ተሰብሯል፣ ፊቱ ተልጧል፣ ሆዱ ውሃ ጠጥቷል፤ ነፍሱ ግን አለች። አልሐምዱሊላህ።

በማግስቱ እናቱ መስጊድ መጡ። ከሴቶቹ በር አጠገብ ቆመው አስጠሩን። ሊወቅሱን ነው ብለን ጠብቀን ነበር፤ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። "ኡስታዝ፣ ልጄ ቤት መጥቶ የወርቁን ዘካ እናንተ እንዳስተማራችሁት ነግሮኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ስለ ውሃውስ የሚነግረው ማን ነበር?" አሉ። መልስ አልነበረንም። አፉ በሉን አልን፤ አላህ ይቅር ይበላችሁ ብለው ወደ ጤና ጣቢያው ሄዱ።

ኢማማችን ሲመለሱ ነገሩን ከጀመዓው ሰምተው ነው የጠበቁን። አልተቆጡም። "የሪካዙን ሐዲስ በሉልኝ" አሉን። አቡ ሁረይራ ያስተላለፉት፣ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ነው። ለልጆቹ የነገርናቸውን መጨረሻውን አልን። "ከመጀመሪያው" አሉ። ከመጀመሪያው ጀመርን። ሐዲሱ እንስሳ ያደረሰው ጉዳት ካሳ እንደሌለው ይናገራል፤ ከዚያ ጉድጓድ፣ ከዚያ ማዕድን። ማዕድን የሚለው ላይ ስንደርስ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙን። ማዕድን ሲቆፍር ለሞተ ሰው ካሳ እንደሌለው፣ ደሙን የሚጠየቅበት ሰው እንደማይኖር ተናግሮ ነው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ ሪካዙ አንድ አምስተኛ ያለፉት። ሞቱ ከገንዘቡ ቀድሞ ነው የተጠቀሰው። እኛ ግን ገንዘቡን አስተምረን ሞቱን ዘለልነው። ያንን ሐዲስ በልጅነታችን ሐፍዘነው፣ ስንት ጊዜ አስተምረነው፣ እንዲህ ብለን አንብበነው አናውቅም።

ከዚያ ቀን በኋላ ኪታቦቹን በሌላ ዓይን ማገላበጥ ጀመርን። ስለ መንገደኛ የመጣው ብዙ ነው፤ እኛ የምናውቀው ቀስርና ጀምዕ ብቻ ነበር። ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ አለ፤ በሌሊት የሚያርፍ መንገደኛ ከመንገዱ ላይ እንዳያርፍ የሚከለክል። ምክንያቱንም አብሮ ይናገራል፤ መንገዱ የእንስሳት መተላለፊያና የተናዳፊ ነፍሳት መዋያ ስለሆነ ነው። አቡ ዳውድ ባወሩት ደግሞ ሶሐቦች ሲያርፉ በየሸለቆውና በየወንዙ ይበታተኑ እንደነበር፣ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) መበታተኑ ከሸይጧን እንደሆነ ሲነግሯቸው ከዚያ ወዲህ አንድ ልብስ ቢዘረጋ ሁሉንም እስኪሸፍን ድረስ ተጠጋግተው እንዳረፉ ተዘግቧል። ብቻውን በሌሊት ስለሚጓዝ ሰው የመጣውም ቡኻሪ ውስጥ አለ።

ከሁሉም በላይ የቆየብን ግን የዝናቡ ዱዓ ነው። መዲና ላይ ዝናቡ ሲበዛ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዝናቡ በዙሪያችን ይሁን እንጂ በላያችን አይሁን ብለው ሲለምኑ፣ ወዴት እንዲሄድ ለይተው ጠቅሰዋል፤ ወደ ኮረብቶች፣ ወደ ወንዞች ሆድ፣ ዛፍ ወደሚበቅልበት። የወንዝ ሆድ የውሃ ቦታ ነው። እኛ ምንጣፍ ያነጠፍነው፣ ሻይ ያፈላነው፣ ሶፍ የያዝነው እሱ ላይ ነበር። ውሃው አልወረረንም፤ ወደ ቤቱ መጣ።

ድሬዳዋ ላይ በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ የሆነውን የዛሬ ወጣቶች ላታስታውሱት ትችላላችሁ። ደቻቱ ዓመቱን በሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይነግድበታል፣ ይተኛበታል። ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ በሌሊት ደረሰና ከ250 በላይ ሰው ይዞ ሄደ። የኛ አገር ደግሞ ከዚያ የባሰ ቁልቁል ነው። ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ነን፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 እንኳ አትሞላም። በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ የሚፈጀው ቁልቁለት ላይ የዘነበው ሁሉ የሚወርደው በነዚህ ወንዞች ነው። መሬቱም ራሱ እንደ ውሃው ይንቀሳቀሳል፤ በ1998 መስከረም ደብረ ሲና አጠገብ ይዛባ ወይን ላይ ተራራው ተንሸራቶ ስንት ቤተሰብ ቀየውን እንደለቀቀ ታላላቆቻችሁን ጠይቁ።

አንዳንዱ ልጅ "በውሃ የሞተ ሸሂድ ነው አይደል?" ይለናል። አዎ፣ ሰጥሞ የሞተም፣ የተደረመሰበትም ሸሂድ ነው፤ ሐዲሱ ሶሒሕ ነው። ነገር ግን ያ ለቀሪው ቤተሰብ መጽናኛ ነው እንጂ ለሚሄደው ፈቃድ አይደለም። አል-በቀራ 195 ላይ አላህ በገዛ እጃችን ራሳችንን ወደ ጥፋት እንዳንጥል ከልክሎናል። ጀናዛ የምናጥበው እኛ ነን። በጎርፍ የተወሰደ ሰው ሲታጠብ አሸዋው ከጥርሱ መሃል፣ ከጥፍሩ ሥር፣ ከጆሮው አይወጣም። ከሦስት፣ ከአምስት ጊዜ በላይ ታጥቦም ውሃው ይደፈርሳል። ይህን ለማስፈራራት አልጻፍነውም፤ ያየነው ስለሆነ ነው።

አሁን ወጣቶቹ ሲወጡ አትሂዱ አንልም። የአላህን ምድር ማየት ክልክል አይደለም፣ ከጫት ቤትም የወንዝ ዳር ይሻላል። ግን እንጠይቃቸዋለን። መጀመሪያ የምንጠይቀው ስለ ላይኛው አገር ነው፤ ደብረ ሲና ዘመድ የሌለው የሮቢት ሰው ጥቂት ነው፣ አንድ ስልክ በቂ ነው። ተራራው ከጠቆረ እዚህ ፀሐይ ቢያቃጥልም መሄድ የለም። ቆላው ደረቅ ሆኖ ደጋው የሚዘንብበት የበልግ ወር እንዲያውም ከክረምቱ የባሰ ያታልላል፤ በክረምት ሁሉም ሰው ወንዙን ይፈራዋል። ከዚያ ማን ማን እንደሚሄድ፣ የትኛው ወንዝ እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት እንደሚመለሱ ለቤተሰብ ተነግሮ ይወጣል። ሁለት ሰው አይበቃም። አንዱ ቢጎዳ አንዱ አብሮት የሚቀር፣ አንዱ ሰው የሚጠራ መኖር አለበት፤ ስልክ ብዙ ቦታ ላይ አይሠራም።

እዚያ ሲደርሱ ከመቀመጣቸው በፊት በየት በኩል እንደሚወጡ ያያሉ። መሃል ያለው ጠጠር ላይ አይቀመጡም፣ ዕቃም አያስቀምጡም። እንደ ግድግዳ የቆመ የአሸዋ ገደል ሥርም አይቆፍሩም፤ ያለ ዝናብም ይናዳል። አንድ ሰው ሁልጊዜ ፊቱን ወደ ላይኛው ወንዝ ያዞራል። ውሃው ከደፈረሰ፣ ቅጠል ካመጣ፣ ከጨመረ፣ ወይም ያለ ምክንያት በድንገት ከቀነሰ፣ ሁሉም ዕቃውን ጥሎ ይወጣል፤ በወንዙ ወደ ታች ሳይሆን በጎን ወደ ከፍታ። የቀረ ዕቃ ቀረ። ጎርፍ መጥቶ መንገድ ከቆረጠ እስኪጎድል ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። እስከ ቁርጭምጭሚት በላይ፣ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ የሆነ ኃይለኛ ውሃ ትልቅ ሰው ይጥላል፤ 30 ሳንቲ ሜትር ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል። የባጃጅ ሹፌር ወንድሞቻችን ይህችን ልብ በሉልን። ሰው ከተወሰደ ደግሞ ገመድ፣ ሽርጥ፣ በትር ይወረወራል እንጂ ሰው አይወረወርም። ዋናተኛ ነኝ ማለት አይጠቅምም፤ ከግንድ ጋር የሚዋኝ የለም።

ሌላው ቀላል ነው፤ ባጭሩ እንለፈው። ቆላ ነው፣ ወባ አለ። የቆመ ውሃ ውስጥ ሲንቦጫረቁ መዋል ቢልሃርዝያ ያመጣል። የሚጠጣ ውሃ ከቤት ይያዝ። የማታውቁትን የብረት ቁራጭ አሸዋ ውስጥ ብታገኙ እጃችሁን እንዳታሳርፉበት። ጊዜውም እንደምታውቁት ነው፤ አካፋ የያዘ የማይታወቅ ወጣት ቡድን ጫካ ውስጥ ሲታይ ሰው ይጠራጠራል፣ ስለዚህ የአካባቢውን ሽማግሌ ሳታስፈቅዱ አትግቡ። የሰው ማሳ ዳር መቆፈርማ ሐራም ነው፣ ክርክር የለውም።

ሽርሽሩን ትቶ እንጀራ ፍለጋ ሻኪሶ ወይም ቤኒሻንጉል የሚሄደው ወንድማችን ሌላ ነገር ነው የሚገጥመው፤ ከዚያ የመጣው ልጅ የነገረንን እናድርስ። እዚያ ሰው የሚበላው በአብዛኛው ውሃው ሳይሆን ጉድጓዱ ነው። ሌሎች ቆፍረው የተዉት ጉድጓድ በዝናብ ርሶ ይደረመሳል። ወርቁን ለመሰብሰብ ሜርኩሪ የሚጠቀሙ አሉ፤ ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ አንጎልን የሚጎዳ መርዝ ነው፣ ምግብ በሚበሰልበት ቤት ውስጥማ በፍጹም። ደግሞ ወርቅ ማምረት በማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 መሠረት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ለባህላዊ አምራች የሚሰጠው ክልሉ ነው። ቪዲዮው ላይ የምታዩዋቸው ፈረንጆችም ዝም ብለው አይደለም የሚወጡት። አውስትራሊያ ውስጥ ቪክቶሪያ በተባለው ግዛት ለመዝናናት ብቻ ወርቅ የሚፈልግ ሰው እንኳ አስቀድሞ ፈቃድ ያወጣል። ቪዲዮው ያንን አያሳይም።

ልጁ ክንዱ ድኖለታል፤ ትንሽ ጠመም ብሎ ነው የገጠመው። ሽማግሌውን ለማመስገን ስኳርና ቡና ይዘን ሄደን ነበር። ስኳሩን ተቀበሉ፣ ቡናውን አብረን ጠጣን፤ ሽርጣቸው ሳይመለስላቸው መቅረቱን ግን አስታወሱን። አዲስ ገዝተን ላክን።

ደብረ ሲና የሚኖር አንድ ወንድም ከባድ ዝናብ ሲጥል ሊደውልልን ቃል ገባ። ባለፈው ሐሙስ ከዐስር በኋላ ልጆቹን ስናቀራ ስልኩ ጮኸ። "እዚህ እየወረደ ነው፣ ሰው አይታይም" አለን። ኢማማችን ማይኩን ከፍተው ወንዝ ውስጥ ያላችሁ ውጡ ብለው ሦስት ጊዜ ተጣሩ። ከከተማው በታች አሸዋ ሲጭኑ የነበሩት ልጆች መኪናቸውን አስነሥተው ወጡ። አንደኛው አካፋውን ረስቶ ሊመለስ ሲል ጓደኞቹ በክንዱ ያዙት። ውሃው የመጣው ከመግሪብ አዛን ጥቂት ቀደም ብሎ ነው።